መስማት ለተሳናቸውና ለመስማት ለሚቸገሩ ሰዎች ድጋፍ በሐዋሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከወላጆች፣ ከመምህራን፣ ከጎረቤትና ከራሳቸው መስማት ከተሳናቸው የከተማችን ነዋሪዎች የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። መልሶቹን እዚህ ሰብሰብ አድርገናቸዋል። የልጆቹ ጉዳይ ረዘም ብሏል። ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ልጃችን የሚሰማ አይመስልም። ከየት እንጀምር?

ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ግን "ሲያድግ ይተወዋል"፣ "አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው" ተብላችሁ እንዳትመለሱ። ጆሮን በመብራት ማየትና መስማትን መለካት ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው። ከውጭ ሲታይ ንጹህ የሆነ ጆሮ ምንም ላይሰማ ይችላል። ችግሩ መብራት በማይደርስበት በውስጠኛው ጆሮ ሊሆን ይችላላ።

ስለዚህ ሪፈር ጠይቁ። ከተማችን ውስጥ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ብዙው ሰው ዛሬም "ሪፈራል" ነው የሚለው። ከጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ጥያቄያችሁ ግልጽ ይሁን፦ የመስማት መጠኑ ይለካልን። ለልጁ ዕድሜ የሚሆነው ምርመራ እዚያ ካልተሰራ ወደ አዲስ አበባ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ጨቅላ ሕጻንም ቢሆን ይመረመራል። ተኝቶ እያለ ራሱ ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ሽቦዎች የሚለካበት ዘዴ አለ። "ገና ሕጻን ነው፣ አይመረመርም" የሚለው መልስ አያሳምናችሁ።

ቤት ውስጥ ከኋላው ሆነን ስናጨበጭብ ዞር ይላል። ታዲያ ይሰማል ማለት አይደለም?

የግድ አይደለም። ጥላችሁን አይቶ ሊሆን ይችላል። የወለሉ ንዝረት ወይም የአየሩ ንቅናቄም ያዞረዋል። መስማት የተሳናቸው ልጆች ዓይናቸው ንቁ ነው፣ ቤተሰቡን ሳያውቁት "ይሸውዱታል"። ሌላም አሳሳች ነገር አለ። የማይሰማ ሕጻንም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደማንኛውም ሕጻን ድምፅ ያወጣል፣ ይጫወታል። ቆይቶ ነው ድምፁ እየቀነሰ የሚሄደው። ወላጅ "ድሮ ያወራ ነበር እኮ" የሚለው ለዚህ ነው።

በ6 ወር ገደማ ወደ ድምፅ ካልዞረ፣ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ምንም ካልመሰለው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አገናኝቶ ካልተናገረ አትጠብቁ። ማጅራት ገትር ታሞ የዳነ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ምልክት እስኪታይ እንኳ አትጠብቁ። ከሆስፒታል ሲወጣ የመስማት ምርመራ ይደረግለት።

ምልክት ቋንቋ መቼ እንጀምር? መጀመሪያ ሕክምናውን ጨርሰን ቢሆንስ?

ዛሬ ጀምሩ። በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ መልስ የለንም።

ብዙ ቤተሰብ በቅን ልቦና ዓመታት ያቃጥላል። ጸበል ይወስዳል፣ ያስጸልያል፣ አንዱን ሐኪም ትቶ ሌላውን ይሞክራል። ይህን አድርጉ ወይም አታድርጉ የምንል እኛ አይደለንም። ግን ልጁ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያለ ቋንቋ ነው የሚቀመጠው። የሰው አንጎል ቋንቋን በቀላሉ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ቋንቋው በጆሮ ይግባ በዓይን ለአንጎል ልዩነት የለውም። ያ ጊዜ ባዶውን ካለፈ ግን በኋላ ማንበብም፣ ሒሳብም፣ ስሜትን መግለጽም ይከብዳል። 7 ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት ሲገባ የእናቱን ስም የማያውቅ፣ "ነገ" የሚባለው ነገር ያልገባው ልጅ ያጋጥማል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ሕክምናውና ምልክት ቋንቋው ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። የመስሚያ መሳሪያ ቢደረግለትም ምልክቱ አይጎዳውም። "እጁን ካስለመድነው ምላሱ ይሰንፋል" የሚለው ስጋት በጣም የተለመደ ነው፣ ግን መሠረት የለውም። ቀድሞ አንድ ቋንቋ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን ለመማር መነሻ አለው።

ቤት ውስጥ የምናወራው ሲዳሙ አፎ ነው። ምልክት ቋንቋው የአማርኛ አይደለም ወይ?

አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መናገር አይደለም። የራሱ ሰዋስው፣ የራሱ የዓረፍተ ነገር አሰራር አለው። ፊት፣ ቅንድብና ትከሻም ይናገሩበታል። ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ የሚነገርባቸው ቤቶች ልጆች አንድ ላይ ተቀምጠው ያለ ችግር ይግባባሉ። እንዲያውም በዚህ በኩል ከብዙዎቻችን ይሻላሉ።

የጣት ፊደሉ ግን ከግዕዝ ፊደል ጋር የተያያዘ ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤት የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት 7ቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። "በ"ን የሚያሳየው እጅ ቅርጹን ሳይለውጥ እየተንቀሳቀሰ "ቡ"፣ "ቢ"፣ "ባ" ይሆናል ማለት ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው አመክንዮውን በፍጥነት ይይዘዋል። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ልጃችሁ በትምህርት ቤት በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ምዝገባ ላይ ጠይቁ። ቤት ውስጥም በዚያው አግዙት።

ወላጆች የት እንማር?

የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማህበር ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለ ማህበር ነው። በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት። ምልክት ቋንቋ ያስተምራል፣ መዝገበ ቃላትም አሳትሟል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል በዲግሪ ያስተምራል። ምሩቃኑ በየክልሉ በመምህርነትና በአስተርጓሚነት ይሰራሉ። እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍል አለ። መምህር ወይም በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ስትፈልጉ ማንኳኳት ያለባችሁ አንዱ በር ይሄ ነው።

ግን በጣም ጥሩው አስተማሪ መስማት የተሳነው አዋቂ ሰው ነው። ቤታችሁ ይምጣ። ቡና ጠጡ። ልጁ "እኔ ሳድግ እንዲህ ነኝ" ብሎ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ብዙ ልጆች መስማት የተሳነው አዋቂ አይተው ስለማያውቁ ሲያድጉ የሚሰሙ ወይም የሚሞቱ ይመስላቸዋል። ይህን የሚያርም ሥልጠና የለም፣ ሰው ብቻ ነው።

እናት ብቻዋን ተምራ አባት፣ አያትና ወንድም ካልተማሩ ደግሞ እናት የቤቱ አስተርጓሚ ሆና ትቀራለች። እራት ላይ ሁሉም ሲስቅ ልጁ "ምን ተባለ?" ይላል። "ቆይ እነግርሃለሁ" ይባላል። አይነገረውም።

የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ወይም የአካቶ ትምህርት ነው። ሁለተኛው መስማት ለተሳናቸው ብቻ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው ሆሳዕና በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስር ያለው ትምህርት ቤት ከብዙ አካባቢ የመጡ ልጆችን ያስተማረ ነው። አዳሪ መላክ ለወላጅ ከባድ ነው። የሚገርመው ግን ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ አንዳንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ የልብ ጓደኛ ያገኛሉ።

በክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ልዩ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። "አካቶ" የሚለውን ጽሑፍ በር ላይ ማየት አይበቃም። መምህሩ ምልክት ቋንቋ አቀላጥፎ ይችላል ወይስ ጥቂት ሰላምታ ብቻ? ክፍሉ ውስጥ ሌሎች መስማት የተሳናቸው ልጆች አሉ? ልጁ ከፍ ወዳለ ክፍል ሲያልፍ አስተርጓሚ ይመደብለታል? ከ60 ልጆች መሃል ያለ አስተርጓሚ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተካቷል አይባልም። ተቀምጧል ነው የሚባለው።

በከፊል የሚሰማ ልጅስ?

እሱ ይበልጥ ይረሳል። ፊት ለፊት ሲያወሩት ስለሚመልስ መምህሩ "ይሰማል፣ ግን አይከታተልም" ይለዋል። ከፊት ይቀመጥ፣ መስኮቱ ከኋላው ይሁን። መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ አያውራ። ይህ ሁሉ ሳንቲም አያስወጣም።

አባቴ ቴሌቪዥኑን አስጮኸው ነው የሚያዩት። የመስሚያ መሳሪያ ይጠቅማቸዋል?

መጀመሪያ ጆሯቸው ይታይ። አንዳንዴ የተጋገረ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ ሲታጠብ ያልቃል። በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ ወይም በላባ መቆፈር ግን ይቅር። ጤና አዳም ጨምቆ ወይም ዘይት አሙቆ መጨመርም እንደዚያው። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጉዳት ነው።

ችግሩ የዕድሜ ከሆነ መሳሪያው በጣም ይረዳል፣ በልኬት የተስተካከለ ከሆነ ማለት ነው። ከገበያ ተገዝቶ ወይም ከውጭ አገር በዘመድ ተልኮ እንዲሁ ጆሮ ላይ የሚደረገው ሁሉንም ድምፅ እኩል ያስጮኸዋል። አባት አንድ ሳምንት ታግሰው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። መሳሪያው በዘመድ ቢመጣ እንኳ የምርመራ ወረቀታቸውን ይዛችሁ ባለሙያ ያስተካክልላቸው። ለመልመድም ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ሰዓት ያድርጉት። ገበያና ሰርግ ቤት በኋላ ይደርሳል።

ባትሪ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። መጠኑ የሚለየው በልጣጩ ቀለም ነው፦ ቢጫ 10፣ ቡናማ 312፣ ብርቱካንማ 13፣ ሰማያዊ 675። ባትሪው የሚሰራው በአየር ነው። ልጣጩን ካነሳችሁ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ክተቱት። አንዴ የተነሳ ልጣጭ ተመልሶ ቢለጠፍም ባትሪው ማለቁን አያቆምም። ዘመድ ከውጭ ሲልክ ዓመት ሙሉ የሚበቃ ከማከማቸት የሚያበቃበትን ቀን ማየት ይሻላል። ማታ ማታ የባትሪውን በር ከፍታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። በተለይ በክረምት እርጥበት ይገድለዋል። የልጅ ልጆች ካሉ ባትሪው ከእጃቸው ይራቅ፣ ከተዋጠ አደገኛ ነው።

ከንፈር አይተው ይረዱን የለ? ለምን እንጨነቃለን?

ትንሽ ይረዳሉ፣ ሁሉንም አይደለም። መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ "ደራ"፣ "ተራ"፣ "ጠራ" በሉ። ከንፈራችሁ ላይ ልዩነት አይታይም። "በላ" እና "መላ"ም እንደዚያው ናቸው። ከንፈር የሚያነብ ሰው ግማሹን በግምት ነው የሚሞላው፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ መዋል ደግሞ ያደክማል።

ስታወሩ ፊታችሁ ብርሃን ላይ ይሁን። አፋችሁን በእጅ ወይም በነጠላ አትሸፍኑ። አትጩሁ፣ መጮህ የአፍን ቅርጽ ያዛባል። ለመጥራት ትከሻ ነካ ማድረግ፣ እጅ ማወዛወዝ፣ መብራት ብልጭ ማድረግ ነውር አይደለም። ካልተግባባችሁ ስልክ አውጥታችሁ ጻፉ። "በቃ ተወው" ግን አትበሉ። መስማት ከተሳናቸው ሰዎች የምንሰማው ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው።

ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት ስንሄድ አስተርጓሚ ማን ያመጣል?

በወንጀል ተከሶ ፍርድ ቤት ለቀረበ ሰው መልሱ አጭር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ምልክት ቋንቋን እንደ ቋንቋ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ ወዲያው፣ በጽሑፍ ጠይቁ። በዕለቱ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቀጠሮ ማስያዝ ነው።

ሕክምና ላይ ነገሩ ይከብዳል። አብዛኛው ሰው ዘመዱን ይዞ ይሄዳል። ለጉንፋን ችግር የለውም። ለእርግዝና ክትትል፣ ለኤች.አይ.ቪ ምርመራ ወይም ጥቃት ለደረሰባት ልጅ ግን ጎረቤት ወይም የ10 ዓመት ልጅ አስተርጓሚ መሆን የለበትም። ምስጢሩ ይወጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዘመድየው ያፈረበትን ነገር አሳጥሮ ወይም ለውጦ ማስተላለፉ ነው። አስተርጓሚ በአካል ካልተገኘ በቴሌግራም ቪዲዮ ማስተርጎም ይቻላል፣ ዋይፋይ ወይም በቂ ዳታ ይኑራችሁ እንጂ። ሐኪሙ ደግሞ ሲያወራ ታካሚውን ይይ፣ አስተርጓሚውን አይደለም። "ምን ይሰማታል በላት" ሳይሆን "ምን ይሰማሻል?" ይበል።

ድንገተኛ ነገር ቢመጣስ? ስልክ መደወል አልችልም።

ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 የሚሰሩት በድምፅ ጥሪ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ለሁለት ሦስት ሰዎች የሚላክ አጭር መልእክት ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ቤታችሁ የት እንደሆነ በሰፈር ምልክት፣ ማንን ይጥሩ። ከሰዎቹ አንዱ ቅርብ ጎረቤት ይሁን። ሌሊት በር ለሚያንኳኳ ሰው ደግሞ መፍትሄ አብጁ። ደወሉን ከመብራት ጋር ማገናኘት ማንኛውም የሰፈር ኤሌክትሪሻን የሚሰራው ሥራ ነው።

እድር ውስጥ አባል ነኝ፣ ግን ሁልጊዜ እቀጣለሁ። ምን ላድርግ?

ጥያቄው ያስቃል፣ ነገሩ ግን የምር ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ እናንተ አልሰማችሁም። ቀሪ ተብላችሁ ትቀጣላችሁ። ከዚያ "እሱ ለቅሶ አይደርስም" ትባላላችሁ፣ ይሄ ከገንዘቡ ይበልጣል። ለእድሩ ዳኛ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጥሩምባው ሲነፋ ለእናንተ አጭር መልእክት የሚልክ ወይም በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ይመደብ፣ በቃለ ጉባኤም ይያዝ። አብዛኛው እድር እሺ ይላል። ከዚህ በፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረማ።

ሰርግ፣ ጉባኤና የቀበሌ ስብሰባ ላይም ነገሩ ያው ነው። አስተርጓሚ ካለ ከተናጋሪው አጠገብ፣ ብርሃን ላይ ይቁም። አዳራሹ ጥግ ላይ ካቆማችሁት ተሰብሳቢው አንዴ እሱን፣ አንዴ ተናጋሪውን ሲያይ አንገቱ ይታመማል።

ሥራ ስፈልግ "አትሰማም" ብለው መለሱኝ። ሕጉ ምን ይላል?

አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኞች ሥራ ስምሪት የወጣ ነው። ሥራው በባሕርዩ ካልከለከለ በስተቀር በአካል ጉዳት ምክንያት ማግለልን ሕገ ወጥ ያደርጋል። ውጤታችሁ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያው የእናንተ ነው። አሠሪውም ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁኔታ ማመቻቸት አለበት። ፈተናው ቃለ መጠይቅ ከሆነ ስትመዘገቡ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋችሁ በጽሑፍ ግለጹ፣ ቅጂውንም ያዙ። በኋላ "አልጠየቁንም" እንዳይሉ።

ገንዘብ የሚሰጥ ድጋፍ አለ?

ለሁሉም የሚደርስ ወርሃዊ ክፍያ የለም። የመክፈል አቅም ለሌላቸው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮን መንግሥት ይሸፍናል። ቀበሌ ላይ ምዝገባ ሲጀመር ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ለመስሚያ መሳሪያና ለሌሎች ድጋፎች የሴቶች፣ ሕጻናትና ማህበራዊ ጉዳይ ዘርፍን ጠይቁ። የሐኪም ማስረጃና የቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለዚያ ያመላልሷችኋል።

የመስማት ችግርን መከላከል ይቻላል?

በከፊል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሕጻናት የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት አታሳልፉ። የልጅ ጆሮ መግል ከያዘ "ጥርስ ሊያወጣ ነው" አትበሉ፣ አሳክሙት። ጄንታማይሲንን የመሳሰሉ መርፌዎች ጆሮ ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ። ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረትና እንጨት ሥራ የምትውሉ ደግሞ የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ድምፁ ከ80 ዴሲቤል በላይ ከሆነ በሳምንት 40 ሰዓት መዋል ቀስ እያለ ይጎዳል። ጆሮ ውስጥ የሚከተት ኢርፎንም ከዚህ አያመልጥም።

መብታችን ሲጣስ ለማን እንክሰስ?

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የእንባ ጠባቂ ተቋምም ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አላቸው። አቤቱታ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቁም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ክስና ማመልከቻም ይጽፉላችኋል። ስትሄዱ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባላችሁትን ጽፋችሁ ያዙ። የተጻፈላችሁ ወረቀት ወይም የተላከላችሁ መልእክት ካለ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋችሁም እዚያው አቤቱታው ላይ አስፍሩ።